ሚሳይሉ ነው ወይስ ሰውየው? ከኦጋዴን ሰማይ እስከ ሚልፒታስ ለቅሶ ቤት

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሚልፒታስ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቹ በወጣትነታቸው በኢትዮጵያ አየር ኃይል የራዳር ክፍል ያገለገሉ፣ ስደት ካመጣቸው በኋላ ግን ሳን ሆዜ ውስጥ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ተቀምጠው ሂሳብ ሲቀበሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ አልፈለገምና እኔም አላነሳውም። በዚህ አካባቢ የለቅሶ ልማድ መሠረት ሴቶቹ ሳሎን፣ ወንዶቹ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ በተደረደሩት ታጣፊ ወንበሮች ላይ ተቀምጠናል። ቡናው በፔርሙዝ፣ ንፍሮው በወረቀት ሳህን ይዞራል። ጨዋታው እንደተለመደው ከቤት ዋጋ ተነስቶ፣ በሀገር ቤት ፖለቲካ በኩል አልፎ፣ ሟቹን ለማሰብ ሲባል የሶማሊያ ጦርነት ላይ አረፈ።

ከመካከላችን አንድ ወጣት ነበር፤ በአካባቢው ካሉት የቺፕ ኩባንያዎች በአንዱ የሚሠራ መሐንዲስ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሽማግሌ ሲናገር አያቋርጥም። በመጨረሻ ግን አላስቻለውም።

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አብራሪዎቻችን ጀግኖች መሆናቸውን አልክድም» አለ። «ግን ነገሩን እንደ መሐንዲስ ስናየው እኛ የአሜሪካ ሚሳይል ነበረን፣ ሶማሊያ ደግሞ የራሽያ። ሙቀት ተከትሎ በራሱ የሚሄድ መሣሪያ አንዴ ከተተኮሰ የሰው ጀግንነት ምን ይጨምርለታል?»

ጋራዡ ጸጥ አለ። ከማቀዝቀዣው አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ደብረ ዘይት ላይ የመሣሪያ ክፍል ባለሙያ ሆነው ለብዙ ዓመት ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ቦምብና ሚሳይል ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስኒያቸውን መሬት አስቀመጡና «ልጄ፣ ሚሳይሉ እኮ አንድ ነው» አሉት።

«እንዴት አንድ ይሆናል ጋሼ?»

«አንድ ነው አልኩህ። የኛም የነሱም አባታቸው አንድ ነው።»

እኔ ነገሩን የሽማግሌ ተረት አድርጌ ነበር የወሰድኩት። ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት ሳገላብጥ ግን ሰውየው አንዲት ቃል እንዳልተሳሳቱ አየሁ። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ነው። የሀገራችንን የዘመን አቆጣጠር ስጠቀም ዓ.ም.፣ የፈረንጁን ስጠቀም እ.ኤ.አ. እላለሁና አንባቢ እንዳይደናገር።

የበረሃው እባብ

ከሚልፒታስ ተነስቶ በመኪና የስድስት ሰዓት ያህል መንገድ የተጓዘ ሰው ሞሃቪ በረሃ ውስጥ ቻይና ሌክ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመሣሪያ መሞከሪያ ጣቢያ ይደርሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዊሊያም ማክሊን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እዚያ ቁጭ ብሎ አንድ ቀላል ሐሳብ ሲያብሰለስል ነበር። ጀት አውሮፕላን ከኋላው እሳት ይተፋል። ያንን ሙቀት የሚያይ ዓይን ከሮኬት አፍንጫ ላይ ቢገጠም ሮኬቱ በራሱ ጊዜ ጭራውን ተከትሎ አይሄድም ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1953 ሙከራው ተሳካ፤ በ1956 መሣሪያው ለአገልግሎት በቃ። ስሙን ሳይድዋይንደር አሉት፤ በዚያው በረሃ የሚኖር፣ ታዳኙን በሰውነቱ ሙቀት የሚያገኝ እባብ ስም ነው። ርዝመቱ 2.8 ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ70 ኪሎ ትንሽ ከፍ የሚል፣ የሚፈነዳው ክፍል ደግሞ 4.5 ኪሎ ብቻ። በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ የዚያን ጊዜ ራዲዮ አይበልጥም ይባል ነበር። ርካሽና ቀላል መሆኑ ነው ዕድሜውን ያረዘመው። የልጅ ልጆቹ ዛሬም በየሀገሩ ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ተሰቅለው ይታያሉ።

አሁን ወደ ጋሼ አባባል እንምጣ። መስከረም 24 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. የታይዋን ኤፍ-86 አውሮፕላኖች ከቻይና ሚግ-17ቶች ጋር ሲጋጠሙ ይህ ሚሳይል ለመጀመሪያ ጊዜ በውጊያ ላይ ተተኮሰ። ብዙ ሚግ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ከተተኮሱት አንዱ ግን አንድ ሚግ ላይ ተሰክቶ ሳይፈነዳ ቀረ፤ ቻይናዊው አብራሪም የጠላቱን ሚሳይል በአውሮፕላኑ ገላ እንደ እሾህ ተሸክሞ በሰላም አረፈ። ቻይና መሣሪያውን ለሞስኮ አሳልፋ ሰጠች። ሶቪየቶች ብሎን በብሎን ፈትተው አጠኑት፤ ከመሐንዲሶቻቸው አንዱ ከዓመታት በኋላ ያንን ሚሳይል መፍታት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንደ መማር ነበር ብሎ መስክሯል። ከዚያ የወጣው ኬ-13 የሚባለው ሚሳይል ነው። ሚግ-21 በሄደበት ሁሉ ኬ-13 ተከትሎት ሄደ፤ ካይሮ፣ ሃኖይ፣ ኒው ዴልሂ፣ ሞቃዲሾ።

እንግዲህ በ1969 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያው ኤፍ-5 እና የሶማሊያው ሚግ-21 ኦጋዴን ሰማይ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ በሁለቱም ክንፍ ላይ የተንጠለጠሉት የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። የወጣቱ መሐንዲስ ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። መሣሪያው ዘመድ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

በሁለት እጅ የተሰጠ ትምህርት

ጋሼ ነገሩን ያስረዱን እንደ ማንኛውም የአየር ኃይል ሰው በሁለት እጃቸው ነው። ግራ እጃቸው ሚግ ሆነ፣ ቀኝ እጃቸው ኤፍ-5። ቀኙን ከግራው ኋላ አመጡትና «እዚህ ነህ እንበል» አሉት ልጁን። «ከዚህ ብትተኩስ ይመታል። ትንሽ ወደ ጎን ብትወጣ ዓይኑ እሳቱን አያይልህም። ብትርቅ ነዳጁ ያልቅበታል። ብትቀርብ ደግሞ ሳይነቃ ያልፈዋል።»

የዚያን ዘመን ሚሳይል ጉዳይ በሙሉ እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አለ ብል አላጋነንኩም። የመጀመሪያዎቹ ሙቀት ፈላጊዎች የሚያዩት የጋለውን የሞተር አፍ ብቻ ስለነበር ከጠላት ኋላ፣ ጠባብ በሆነ ቀጠና ውስጥ መግባት ግድ ነበር። ርቀቱ ከፍ ባለ ሰማይ ላይ ከ1 ኪሎ ሜትር ብዙም ያላነሰ፣ ከ4 ኪሎ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ነው። አየሩ በሚወፍርበት ዝቅታ ላይ ይህም ያጥራል። አብራሪው አውሮፕላኑን በኃይል እየጠመዘዘ ከተኮሰ ሚሳይሉ ገና ከክንፍ ሲላቀቅ መንገድ ይስታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ዓይኑ ሞኝ ነው። ፀሐይንም ያያል፣ ፀሐይ ያጋለውን ምድርም ያያል፣ የደመና ጠርዝም ያታልለዋል። ኦጋዴንን በእኩለ ቀን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሚሳይሉ ሙቀት ሲያገኝ በአብራሪው ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ያጉረመርማል። አንዳንዱ ጀማሪ ያንን ድምፅ እንደሰማ ይተኩሳል። የሰለጠነው ግን ድምፁ ከጠላት ሞተር ይሁን ከፀሐይ ለመለየት አፍንጫውን ጥቂት ወደ ጎን መለስ አድርጎ ያዳምጣል፤ ርቀቱን ይገምታል፤ ጥምዘዛውን ያላላል፤ ከዚያ ይተኩሳል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰኮንድ ነው። ኤፍ-5 በክንፎቹ ጫፍ ላይ የሚይዘው ደግሞ ሁለት ሚሳይል ብቻ። አፍንጫው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 280 ጥይት ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት መመለስ ነው።

አሜሪካኖች ራሳቸው ይህንን የተማሩት በደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሚሳይል መጥቷልና የአየር ላይ ግብግብ ቀርቷል ብለው የመጀመሪያዎቹን ኤፍ-4 ፋንቶሞች ያለ መድፍ ሠሯቸው፤ አብራሪዎቻቸውም ጥምዘዛ ውጊያ መለማመዱን ተዉት። ቬትናም ላይ ሰማይ ሲገጥማቸው በራዳር የሚመራው ስፓሮው የተባለ ሚሳይላቸው ከ10 ተኩስ አንድ ያህል ብቻ ነበር የሚመታው። ሳይድዋይንደርም ቢሻል እንጂ የሚያኮራ አልነበረም። የባሕር ኃይሉ ነገሩን አስጠንቶ ጥፋቱን ከመሣሪያው አሠራር፣ ከአያያዙና ከአብራሪው ሥልጠና አገኘው። በ1969 እ.ኤ.አ. ሳን ዲዬጎ አጠገብ ሚራማር ላይ በኋላ ፊልም የተሠራበትን ቶፕጋን ትምህርት ቤት የከፈተው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የባሕር ኃይሉ አብራሪዎች አንድ አውሮፕላን አጥተው ሁለት ወይም ሦስት ከመጣል ተነስተው አንድ አጥተው አሥራ ሁለት ያህል ወደ መጣል ደረሱ። ሚሳይሉ እምብዛም አልተለወጠም፤ አብራሪው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

በኋላ በዚያ ትምህርት ቤት ሚግ-21ን እየመሰለ ተማሪ የሚያሠለጥነው አውሮፕላን የትኛው ይመስላችኋል? ኤፍ-5 ነው። ትንሽ ነው፣ ለዓይን አይታይም፣ ጠባዩም ለሚግ ይቀርባል። ኢትዮጵያ የያዘችው አውሮፕላን አሜሪካኖች ጠላታቸውን የሚያጠኑበት ዓይነት ነበር ማለት ነው።

የ1969ኙ ክረምት

ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ወሰን ሲጥስ ኢትዮጵያ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረች ዕድሜው የፈቀደ አንባቢ ያስታውሳል። አዲስ አበባ ቀይ ሽብርና ነጭ ሽብር እየተፋጁ፣ ኤርትራ ውስጥ ከተሞች እየተያዙ፣ ከአሜሪካ ጋር ደግሞ ፍቺ። የካርተር መንግሥት በየካቲት ወር በሰብአዊ መብት ምክንያት ዕርዳታውን ቀነሰ፤ በሚያዝያ ደርግ የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎችን አባረረ። ከታዘዙት ኤፍ-5ኢዎች የደረሱት በከፊል ብቻ ነው። የተቀሩት ቀሩ፣ መለዋወጫውም ቀረ፣ ሚሳይሉም ቀረ።

«እያንዳንዱን በቁጥሩ እናውቀው ነበር» አሉ ጋሼ። «አንዱ ሲተኮስ ሌላ ይመጣል ብሎ የሚያስብ የለም። የጓደኛ ያህል ነው የምንንከባከበው።» መነጽሩን የሚሸፍነው ክዳን፣ እርጥበቱ፣ አቧራው፣ ከክንፉ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ፤ ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ አብራሪው ሕይወቱን ከፍሎ ከሚግ ጭራ የሚደርሰው ለከንቱ ነው። ስለ ሚሳይል የሚጻፉ መጻሕፍት ስለዚህ ሥራ አንድ ገጽ አይሰጡትም።

ሌላው የማይጠቀሰው ሟቹ የነበሩበት ሥራ ነው። ከጂጂጋ በስተምዕራብ ካራማራ ተራራ ላይ አሜሪካ ሠራሽ ራዳር ነበር። የሶማሊያ ሚጎች ገና ከሩቅ ሲመጡ የሚያይ፣ ኤፍ-5ቶቹን በሬዲዮ እየመራ ከፍ ካለ ቦታ፣ ከኋላ እንዲደርሱ የሚያደርግ። ሙቀት ፈላጊ ሚሳይል የሚፈልገው ያንን ጠባብ ቀጠና መሆኑን ካየን፣ አብራሪውን ወደ ቀጠናው የሚያስገባው ሰው የሚሳይሉ ግማሽ ነው ብንል ትክክል ነው። መኪና ማቆሚያ በር ላይ ሂሳብ ሲቀበሉ ያረጁት ሰው ከዚያ ዓይነት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

አብራሪዎቹስ? የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከጦርነቱ በኋላ በስዊድኖች የተመሠረተ፣ ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ ኤፍ-86፣ ከ1966 ጀምሮ ኤፍ-5 የያዘ፣ ሰዎቹን አሜሪካ ድረስ እየላከ ያሠለጠነ ክፍል ነው። (ከመሥራቾቹ ዋነኛው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን በዚያው በሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ ሶማሊያ ባደረሰችው ጥቃት ተገደሉ። ሕይወታቸውን ላሠለጠኗት ሀገር ሰጥተዋልና ስማቸውን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።) አብራሪው በዓመታት ውስጥ ከባልንጀራው ጋር ሰማይ ላይ እየተጠማዘዘ፣ ጭራ እየያዘና ጭራ እያስያዘ ተለማምዷል። የሶማሊያ አብራሪዎች በሶቪየት ዘዴ የሠለጠኑ ነበሩ። ያ ዘዴ አብራሪውን ምድር ላይ ካለው ተቆጣጣሪ ጋር አጥብቆ ያስረዋል፤ ተቆጣጣሪው ዝም ሲል ወይም ነገሩ ሲደበላለቅ የራሱን ውሳኔ ማድረግ ይከብደዋል። ሚግ-21 ቀጥ ብሎ ሲበር ከኤፍ-5 ይፈጥናል፤ ሲጠመዘዝ ግን ፍጥነቱን ያባክናል፣ ከመቀመጫውም ወደ ኋላ በቂ አያሳይም። የሰለጠነ ሰው እጅ ላይ የወደቀ ጠላት ማለት ይህ ነው።

ውጤቱ ይታወቃል። በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንታት የሶማሊያ አየር ኃይል ሰማዩን ተነጠቀ። ለገሰ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴ፣ በዛብህ ጴጥሮስ የሚሉት ስሞች የታወቁት ያኔ ነው። ስንት ሚግ ወደቀ የሚለውን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልበል። ቁጥሩ እዚህ ባሕር ማዶ በየቡና ቤቱ በየዓመቱ እያደገ ነው። ለገሰ ተፈራ ብቻቸውን አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ጣሉ ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ወዳጆቼ እንደሚያደርጉት ትልቁን ቁጥር መርጬ አልምልም። አነስተኛው ራሱ በኤፍ-5 ታሪክ ከማንም አብራሪ የሚያንስ አይደለም።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የገረመኝ አንድ የተጻፈ ትረካ ነው። በሐምሌ ወር ሐረር አጠገብ ሁለት ኤፍ-5ቶች አራት ሚግ-21 ገጠሙ፤ ሁለቱ ተመትተው ወደቁ፤ የቀሩት ሁለቱ ከሳይድዋይንደር ለማምለጥ ሲጠመዘዙ እርስ በርሳቸው ተላተሙ ይላል። ይህ ትረካ እንደተጻፈ ከሆነ ያ ሚሳይል ማንንም ሳይነካ ሁለት አውሮፕላን ጣለ። ከአየር ወደ አየር የሚተኮስ ሚሳይል ዋጋ በመታው ብቻ አይመዘንም የሚባለው ለዚህ ነው። ሚሳይል የተተኮሰበት አብራሪ ቦምቡን ይጥላል፣ ነዳጁን ያቃጥላል፣ ከፍታውን ያጣል፣ የመጣበትን ሥራ ረስቶ ነፍሱን ለማዳን ይሮጣል። ምድር ላይ ያለው እግረኛ ያን ቀን ቦምብ አልወረደበትም ማለት ነው፤ ከየትኛው ሚሳይል የተነሳ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ነገር ግን ሚሳይል ተራራ አይዝም። ሰማዩ የኢትዮጵያ ሆኖ ሳለ ጂጂጋ በመስከረም 1970 ተያዘች፤ ካራማራም ከነራዳሩ ቦታ ሄደ። ሐረር ተከበበች። ተራራው የተመለሰው በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በሚሊሺያው፣ በመደበኛው ጦር፣ በኩባ ወታደርና በሶቪየት መሣሪያ ነው። የሚያስቀው ነገር ሶቪየቶች ወደ እኛ ከዞሩ በኋላ የመጣው ሚግ-21 ነው፣ ከነኬ-13ቱ። ጋሼ ትናንት የጠላት ያሉትን ሚሳይል በማግሥቱ ሲሰቅሉ አደሩ። «ሲሰቀልስ ይለያል ወይ?» አልኳቸው። «ጽሑፉ ራሽያንኛ ነው እንጂ እጄ አልተደናገረም» አሉኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ

ሁለተኛው ምሳሌ ልብ ያደማል። በየካቲት 1991 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ ባድመ ላይ ሲተላለቁ ሰማዩ ላይ የተገናኙት ሱ-27 እና ሚግ-29 ነበሩ፤ ሁለቱም ድሃ ሀገሮች ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በችኮላ የገዟቸው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ አዲስ አበባ ስለ ሱ-27 ያላወራ ታክሲ አልነበረም። በሁለቱም ወገን የተሰቀለው አር-27 የተባለ ከሩቅ የሚተኮስ በራዳር የሚመራ ሚሳይልና አር-73 የተባለ የቅርብ ሙቀት ፈላጊ ነው። እንደገና ያው መሣሪያ በሁለቱም ክንፍ።

ስለዚያ ውጊያ የጻፉ የውጭ የአቪዬሽን ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከሩቅ የተተኮሱት አር-27ቶች ሁሉም ማለት ይቻላል ሳቱ፤ አውሮፕላን የጣለው ተቀራርበው ሲጠማዘዙ የተተኮሰው ነው። ምክንያቱ ለመሐንዲሱ ልጅ የሚገባው ነው። ያ ሚሳይል እስኪመታ ድረስ የተኳሹ ራዳር ጠላትን ይዞ መቆየት አለበት። ጠላት የራዳሩን ጨረር የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አለው፤ ዞር ብሎ ከሮጠ ሚሳይሉ መንገድ ላይ ጉልበቱ ያልቃል። በሩቅ መተኮስ ያስፈራራል፣ ይበትናል፤ ለመጣል ግን ሁሉም ነገር ሲገጥም መተኮስን ይጠይቃል። ቬትናም ላይ በ1960ዎቹ የተከፈለው ትምህርት ባድመ ላይ እንደገና ተከፈለ።

አይ፣ ዘመኑ ተለውጧል የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1982 ፎክላንድ ላይ አዲሱን ሳይድዋይንደር ይዘው ገብተው በአየር ለአየር ውጊያ አንድም ሲ ሃሪየር ሳይወድቅባቸው የአርጀንቲናን አውሮፕላኖች አራገፏቸው። ያኛው ከፊት ለፊትም ሙቀት ያያል። ዛሬ ደግሞ የራሱን ራዳር ተሸክሞ የሚሄድ፣ አብራሪው በራስ ቁሩ ዞር ብሎ በማየት ብቻ የሚያነጣጥርለት አለ። ቀጠናው ሰፍቷል። ግን የዚያው የፎክላንድ ተኩስ አብዛኛው ከኋላ የተተኮሰ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከፊት መተኮስ የሚችል መሣሪያ ይዘው እንኳ ጭራ ይዘው ነው የተኮሱት፤ የለመዱት እሱን ነበርና።

ሰዎቹ የት ሄዱ?

መሐንዲሱ ልጅ በመጨረሻ «ታዲያ ጋሼ፣ ሰውየው ነው ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ አልመለሱለትም። እኔ ግን ጥያቄው ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ሚሳይል ሲያልቅ ከሌላ ሀገር ይገዛል፤ የካርተር ሲቀር የብሬዥኔቭ ይመጣል። ሰውየው ሲያልቅ ከየት ይመጣል?

ለገሰ ተፈራ ጦርነቱ ሳያበቃ አውሮፕላናቸው ተመትቶ፣ በጃንጥላ ወርደው ተማረኩ። የሶማሊያ እስር ቤት ውስጥ 11 ዓመት ገደማ ቆይተው የተፈቱት ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ከተዋዋሉ በኋላ ነው። በዓመቱ ግንቦት 8 ቀን 1981 የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ። የቀድሞው አዛዥ ፋንታ በላይ እስር ቤት ውስጥ ተገደሉ። በግንቦት 1982 አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። በ1983 ኢሕአዴግ ሲገባ የተረፈው የቀድሞ ጦር ተበተነ፤ ከፊሉ ታጠቅና ሌሎች ካምፖች ውስጥ ታጎረ፣ ከፊሉ በኬንያ፣ በጅቡቲ፣ በሱዳን በኩል ወጣ። ጋሼና ሟቹ እዚህ የደረሱት በዚያ ጎርፍ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንግሥት ራሱ ከበተናቸው አንዳንዶቹን መልሶ ጠራ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ አስቀድሞ በ1976 ኤርትራ ውስጥ ተማርከው ታስረው የተፈቱ ሰው ናቸው። ሲጠሩ ሄዱ። በግንቦት 1990 አስመራ ላይ ሚጋቸው ተመትቶ ሁለተኛ ተማረኩ። የጦር ምርኮኞች በተለዋወጡ ጊዜ ስማቸው የለም፤ ከዚያ ወዲህ አልታዩም።

የሶማሊያውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። የዚያድ ባሬ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1988 ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ እያስነሳ ያችኑ ሐርጌሳን በአውሮፕላኖቹ አስደበደበ። ዛሬ ከከተማዋ መሀል ቆሞ የሚታየው ሚግ-17 የዚያ መታሰቢያ ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ ሶማሊያዊ ጎረቤት አለኝ። አጎቱ የሚግ አብራሪ ነበር፤ እሱም ስደት ላይ ነው የሞተው። አንድ ቀን ከጋሼ ጋር ላገናኘው አስቤያለሁ፤ ሁለቱም እሺ ብለውኛል።

ከለቅሶው ስንወጣ መሽቶ ስለነበር ጋሼን ቤታቸው የማደርሳቸው እኔ ሆንኩ። በ880 ወደ ሳን ሆዜ እየወረድን ዝም ብለው ቆይተው «ያ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አብራሪው ከበረራ ሲመለስ ምን ያደርጉ እንደነበር ነገሩኝ።

«ሌላው ሰው መጀመሪያ ፊቱን ነው የሚያየው። እኔ የክንፉን ጫፍ ነው የማየው።»

«ባዶ ከሆነስ?»

«ባዶ ከሆነ ምን አለ፤ ሌላ መስቀል ነው።»